የባዕድ ቋንቋ ክፍል ዓላማ፤ ከይፋግ እስከ ወጣቶች ደሴት

ይፋግ በደቡብ ጎንደር፣ በሊቦ ከምከም ወረዳ፣ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ የምትገኝ የቆየች የገበያ ከተማ ናት። በጎንደርና በጎጃም መካከል የሚመላለሰው ነጋዴ በዚህች ገበያ ሲያልፍ ኖሯል። በገበያ ላይ የሌላ አገር ቋንቋ የሚማር ሰው ደግሞ ዓላማውን ከማንም አይጠይቅም። ለመቁጠር፣ ለመከራከርና ዋጋ ለመቁረጥ የሚበቃውን ያህል ይይዛል፤ ከዚያ በታች ካወቀ ይከስራል፣ ከዚያ በላይ ካወቀ ትርፉ የራሱ ነው። ልኩን የሚሰጠው ሥራው ነው።

የትምህርት ቤት ልጅ ሁኔታ ከዚህ የተለየ ነው። የአሥራ ሁለት ወይም የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ በባዕድ ቋንቋ ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ ቋንቋውን የመረጠው፣ የሚጠበቅበትን የወሰነውና የመጨረሻውን ግብ ያመለከተው ሌላ ወገን ነው። ያ ወገን ቤተ መንግሥት፣ ሚሲዮን፣ ሚኒስቴር ወይም የፖለቲካ ሥርዐት ሊሆን ይችላል። ሁሉም በየጊዜያቸው ይለወጣሉ፤ ቋንቋው ግን ከልጁ ጋር ይቀራል። ስለሆነም መምህሩ የዓመቱን ዕቅድ ሲያወጣ ሊያነሣው የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ዛሬ ለዚህ ትምህርት የተሰጠው ዓላማ ነገ ቢያልፍ በልጁ እጅ ምን ይቀራል የሚል ነው።

ይህን ጥያቄ ለመመርመር ከሚያግዙ የአገራችን ምሳሌዎች መካከል በትምህርት ታሪካችን እምብዛም የማይነሣው፣ ኢትዮጵያውያን ልጆች በኩባ በመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ የተማሩት የስፓኒሽ ቋንቋ ነው። ወደዚያ ከመሻገር በፊት ግን በጣና ዙሪያና በመናገሻ ከተማዎቹ የነበሩትን ቀደምት ዓላማዎች ባጭሩ መመልከት ይጠቅማል።

ቀደምት ዓላማዎች

ስፓኒሽ አፋቸውን የፈቱበት ሰዎች ወደ ጣና አካባቢ መድረስ የጀመሩት በቅርቡ አይደለም። ከእነርሱ መካከል ስሙ ይበልጥ የሚታወቀው ፔድሮ ፓኤዝ በማድሪድ አቅራቢያ የተወለደ የኢየሱሳውያን ማኅበር ቄስ ነበር። ወደ ኢትዮጵያ ለመግባት በመጀመሪያ ሲሞክር በመንገድ ተይዞ በየመን ለሰባት ዓመታት ያህል በእስር ቆየ፤ በእስር ዘመኑም ዐረብኛ ተማረ። በ1595 ዓ.ም. በሁለተኛ ሙከራው ትግራይ ውስጥ ፍሬሞና ደረሰ። በዚያም የሀገሩን ቋንቋ ከማስተማር ይልቅ አማርኛንና ግዕዝን ለመማር ተነሣ። የሃይማኖት ትምህርት መጽሐፍ ወደ አማርኛ እንዲመለስ አድርጎ ለሕፃናት አስጠና፤ ሕፃናቱም በ1596 ዓ.ም. በዐፄ ዘድንግል ፊት ቀርበው ያጠኑትን አሰሙ። በኋላም በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በጎርጎራ ተቀምጦ ሲሠራ ቆይቶ በ1614 ዓ.ም. ዐረፈ። የኢትዮጵያን ታሪክ የጻፈበት ትልቅ መጽሐፉ እንኳ የተጻፈው በፖርቱጋልኛ ነበር።

የፓኤዝ ትምህርት ቤት ዓላማ የሃይማኖት ለውጥ ነበር። ዐፄ ፋሲለደስ በ1624 ዓ.ም. ዙፋን ላይ ወጥተው የቀደመውን ሃይማኖት ሲመልሱና ሚሲዮናውያኑ በተከታዩ ዓመት ከአገር ሲወጡ፣ የትምህርቱ ዓላማ አብሮ ተዘጋ። ከዚህ ታሪክ ለቋንቋ መምህር የሚተርፈው፣ መምህሩ አስቀድሞ የተማሪዎቹን ቋንቋ ለመማር መነሣቱ ነው።

ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ ቆይቶ፣ ከደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው ጋፋት ሌላ ዓላማ ታየ። ዐፄ ቴዎድሮስ ከአውሮፓ የመጡትን የሚሲዮን ባለሙያዎች በዚያ አስቀምጠው ከሁሉ በፊት የጠየቋቸው የእጅ ሙያ ነበር። የሴባስቶፖል መድፍ የተሠራውም በዚሁ ስፍራ ነው። ከባለሙያዎቹ ጋር የሠሩት የአገሩ ወጣቶች ሙያን በዐይናቸውና በእጃቸው ተማሩ፤ ከባለሙያዎቹም መካከል እንደ ቴዎፍሎስ ቫልድማየር ያሉት አማርኛ ለመዱ። የመግባቢያውን ልክ የወሰነው ሥራው ስለነበረ ከይፋግ ገበያ ጋር ይመሳሰላል። ሆኖም ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. ደብረ ታቦርን ለቀው ወደ መቅደላ ሲሄዱ ጋፋትም እንደ ሥራ ማዕከል አበቃች።

ሦስተኛው ዓላማ መንግሥታዊ ነበር። በሚያዝያ 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል በ17ኛው አንቀጽ ላይ የአማርኛውና የጣሊያንኛው ቃል ሳይስማማ መቅረቱ ምን ያህል እንዳስከፈለ የሚታወቅ ነው። አገሪቱ የውጭ ቋንቋ የሚያውቁ የራሷ ልጆች እንደሚያስፈልጓት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልነበረም። በ1901 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከግብጽ በመጡ የቅብጥ መምህራን ሥራውን ሲጀምር የውጭ ቋንቋ ዋነኛ ትምህርቱ ሆነ፤ ፈረንሳይኛም የበላይነቱን ያዘ። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትም ይህንኑ መንገድ ተከተለ። ነገር ግን ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላ የእንግሊዞች ተጽዕኖ እያየለ ሲሄድ እንግሊዝኛ የፈረንሳይኛን ቦታ ወሰደ። በወጣትነቱ ፈረንሳይኛን በትጋት ያጠና አንድ ትውልድ በጎልማሳነቱ የመሥሪያ ቤቱ ቋንቋ ሲለወጥ አየ።

የወጣቶች ደሴት

በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በሶማሊያ መካከል በተደረገው ጦርነት የኩባ ወታደሮች ከኢትዮጵያ ጎን ተሰለፉ። ከዚህ ዝምድና ከተገኙት ውጤቶች አንዱ የትምህርት ስምምነት ነበር። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ወደ ኩባ ተላኩ። ከእነርሱም መካከል ብዙዎቹ በጦርነቱ ወላጆቻቸውን ያጡ ነበሩ። የተላኩበትም ስፍራ ቀድሞ የጥዶች ደሴት፣ ከ1970 ዓ.ም. ወዲህ ግን የወጣቶች ደሴት የተባለው ከዋናው የኩባ ምድር በስተ ደቡብ የሚገኝ ደሴት ነበር። በዚያ ከሞዛምቢክ፣ ከአንጎላ፣ ከናሚቢያ፣ ከጋናና ከሌሎችም አገሮች የመጡ ልጆች ይማሩ ነበር።

ትምህርት ቤቶቹ በእርሻ መካከል የተሠሩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ነበሩ። እያንዳንዱ ከአምስት እስከ ስድስት መቶ ያህል ተማሪ እንዲይዝ የታቀደ ሲሆን ለየአገሩ ልጆች የየራሳቸው ትምህርት ቤት ይመደብላቸው ነበር። ቀኑ ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ በክፍል፣ ግማሹ በግሬፕፍሩት እርሻ ላይ ያልፋል። ልጆቹ መጀመሪያ ስፓኒሽ ይማራሉ፤ ከዚያም ሒሳቡንም፣ የተፈጥሮ ሳይንሱንም፣ ሌላውንም ትምህርት የኩባ መምህራን በዚሁ ቋንቋ ያስተምሯቸዋል። ከኢትዮጵያ አብረው የሄዱ መምህራን ደግሞ አማርኛን፣ የኢትዮጵያን ታሪክና ጂኦግራፊ ያስተምሩ ነበር።

በዚህ አደረጃጀት ውስጥ ከስፓኒሽ ክፍል የሚጠበቀው ነገር ግልጽ ነበር። ግቡ ተማሪው በሚቀጥለው ዓመት የሒሳብ መምህሩን እንዲረዳ፣ በእርሻ ላይ የተሰጠውን ትእዛዝ እንዲፈጽም፣ በታመመ ጊዜ የት እንዳመመው ለሐኪም እንዲናገር ነበር። ግቡ መድረሱም የሚታወቀው በማግስቱ ሥራ ነበር። ያልገባው ልጅ አለመረዳቱ ወዲያው ይታይበታል፤ የገባው ልጅም ማወቁን ወዲያው ይጠቀምበታል።

ስፓኒሽ በአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ

ልጆቹ ሁሉ በአማርኛ አፋቸውን የፈቱ አልነበሩም። ከደብረ ታቦር ወይም ከይፋግ የሚነሣ የአማርኛ ተናጋሪ ልጅ ግን በስፓኒሽ ፊት ምን ያህል እንግዳ እንደሆነ መመርመር ለቋንቋ መምህር ይጠቅማል፤ የሚጠበቀውን ውጤት በልኩ ለመወሰን በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል ያለውን ርቀት ማወቅ ግድ ነውና።

የስፓኒሽ አናባቢዎች አምስት ናቸው፤ አምስቱም በአማርኛ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስና ሳብዕ ውስጥ ይገኛሉ። ሌላው ባዕድ የሚቸገርበት «ኝ» ለአማርኛ ተናጋሪ የእናት ቤት ድምፅ ነው፤ ሕፃን ማለት የሆነውን «ኒኞ» ለማለት ምላሱን ማሠልጠን አያስፈልገውም። ስፓኒሽ «ር» የምትላላበትንና የምትጠብቅበትን ቃል ይለያል፤ «ፔሮ» ላልቶ ሲነገር «ግን»፣ ጠብቆና ተንቀጥቅጦ ሲነገር «ውሻ» ማለት ነው። «አለ» ላልቶና ጠብቆ ሲነበብ ሁለት የተለያዩ ቃላት መሆኑን ለሚያውቅ ልጅ ይህ እንግዳ ነገር አይሆንም። እንዲያውም ስፓኒሽ የጠበቀችውን «ር» በሁለት ፊደል ስለሚጽፋት፣ በዚህ ረገድ የልጁ የራሱ ፊደል ከማይሰጠው እርዳታ የተሻለ ያገኛል።

ግሡም እንዲሁ ነው። አማርኛ «እናገራለሁ»፣ «ትናገራለህ»፣ «ይናገራል» ሲል ባለቤቱን በግሡ ውስጥ ያሳያል። ስፓኒሽም «አብሎ»፣ «አብላስ»፣ «አብላ» እያለ በግሡ መጨረሻ ባለቤቱን ስለሚያመለክት «እኔ»፣ «አንተ» ማለት ሁልጊዜ አያስፈልገውም። «ነው» እና «አለ» የተለያዩ መሆናቸውን የለመደ ተማሪም፣ ስፓኒሽ «ሴር» እና «ኤስታር» የሚባሉ ሁለት ግሦች ማስፈለጋቸው አያስደንቀውም፤ ክፍፍላቸው ግን ከአማርኛው ጋር አንድ ስላልሆነ አጠቃቀማቸውን መማር ይኖርበታል።

ችግሩ በሌላ በኩል ይመጣል። በአማርኛ ግሥ መደምደሚያ ሲሆን በስፓኒሽ አብዛኛውን ጊዜ በዐረፍተ ነገሩ መካከል ይውላል። ጠረጴዛ ሴት፣ መጽሐፍ ወንድ መሆናቸውን ልጁ በቃል ከመያዝ በቀር ሌላ መንገድ የለውም። ከሁሉ ይልቅ ግን የጨዋነቱ ነገር ያስቸግራል። ስፓኒሽ እንደ «እርስዎ» የሚያገለግል «ኡስቴድ» የሚል ቃል አለው፤ በኩባ ግን በ«አንተ» ቦታ ያለው «ቱ» እጅግ የተለመደ ነው። ለታላቁና ለመምህሩ «እርስዎ» እያለ ያደገ የበጌምድር ልጅ እንዲህ ባለ አገር ሲገባ ሰዋስው ብቻ ሳይሆን አስተዳደጉም ይነካል። የቋንቋ ትምህርት ግብ ሲወጣ ይህ ዐይነቱ ነገር በዕቅድ ውስጥ መግባት ይገባዋል፤ ልጁ የሌላውን አገር ጨዋነት ሲማር የራሱን እንዳይጥል መምህሩ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ሊያሳየው ይችላልና።

ዓላማው ሲያልፍ

በደሴቱ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃን የጨረሱ ኢትዮጵያውያን በከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃና በቴክኒክ ትምህርት ቤቶች፣ ከዚያም በኩባ ዩኒቨርሲቲዎች ገብተው ተምረዋል፤ ሐኪሞች፣ መሐንዲሶች፣ የእርሻ ባለሙያዎች ሆነዋል። በቋንቋ ክፍል ሚዛን ብቻ ቢታይ ይህ ትልቅ ውጤት ነው። በልጅነቱ በስፓኒሽ ሰላምታ የጀመረ ተማሪ በጎልማሳነቱ በዚያው ቋንቋ የሕክምና መጽሐፍ አንብቦ ፈተና አልፏል።

ሆኖም የትምህርቱ የመጨረሻ ዓላማ በሁለት መንግሥታት የፖለቲካ ወዳጅነት ላይ የቆመ ነበር። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ወደቀ፤ በዚያው ዓመት ኩባ የሶቪየት ኅብረትን ድጋፍ እያጣች ወደ ከባድ የኢኮኖሚ ችግር ገባች። ከተማሪዎቹ አንዳንዶቹ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ፤ አንዳንዶቹ በኩባ ቀሩ፤ ሌሎችም ወደ ሦስተኛ አገር ተሻገሩ። በኢትዮጵያ ከፍተኛ ትምህርትና የብዙ ሙያዎች ሥራ በእንግሊዝኛ የሚካሄድ በመሆኑ፣ በስፓኒሽ የሠለጠነ ባለሙያ ሲመለስ የሙያውን ቃላት በሌላ ቋንቋ እንደገና መማር ነበረበት። በዓላማው የተሳካለት ተማሪ፣ ዓላማው ራሱ ከሥሩ ሲነቀል ተመለከተ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ተለይተው መታየት አለባቸው። የመጀመሪያው፣ መንግሥታቱ ለስፓኒሽ የሰጡት ዓላማ ማለፉ ነው። ሁለተኛው፣ ልጆቹ በእጃቸው ያስገቡት ችሎታ አለማለፉ ነው። በባዕድ ቋንቋ ማንበብን፣ ባልተረዱት ነገር ላይ መጠየቅን፣ መዝገበ ቃላት መፈተሽን የለመደ ሰው ወደ ሦስተኛ ቋንቋ ሲሻገር ባዶ እጁን አይነሣም። ከኢትዮጵያ የሄዱት መምህራን አማርኛንና የኢትዮጵያን ታሪክ ማስተማራቸውም ዋጋው የታየው በዚህ ጊዜ ነበር፤ ለሚመለስ ልጅ መመለሻ መንገዱን ከፍቶ ያቆየለት ይኸው ትምህርት ነውና።

የሰዓት ሒሳብ

ከዚህ ታሪክ በመነሣት ወደ ዛሬው የእንግሊዝኛ ክፍል መመለስ ይቻላል። ቀድሞ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ፣ በ2015 ዓ.ም. በጸደቀው ፖሊሲ ደግሞ መካከለኛ ደረጃ የተባለው 7ኛና 8ኛ ክፍል በአገራችን የቋንቋ ሸክም የሚከብድበት ስፍራ ሆኖ ኖሯል። ከ1950ዎቹ አጋማሽ ወዲህ አማርኛ እስከ 6ኛ ክፍል የማስተማሪያ ቋንቋ ሲሆን፣ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ሁሉም ትምህርት በእንግሊዝኛ ይሰጥ ነበር። የ1986 ዓ.ም. ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃን ለአፍ መፍቻ ቋንቋዎች ከፈተ፤ በ7ኛና በ8ኛ ክፍል ግን ክልሎች የተለያየ መንገድ መረጡ፤ አንዳንዶቹ እስከ 8ኛ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ሲቀጥሉ ሌሎቹ አንዳንዱን ወይም ሁሉንም ትምህርት ከ7ኛ ጀምሮ ወደ እንግሊዝኛ አሻገሩ። በ1999 ዓ.ም. ለትምህርት ሚኒስቴር የቀረበ ጥናት እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩ ልጆች በሒሳብና በሳይንስ የተሻለ ውጤት ማግኘታቸውን አሳይቷል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። እንግሊዝኛ በሳምንት አምስት ክፍለ ጊዜ ቢሰጥና እያንዳንዱ 40 ደቂቃ ቢሆን፣ በ36 ሳምንት ውስጥ 120 ሰዓት ይሞላል፤ በሁለት ዓመት 240 ሰዓት ነው። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የቋንቋ ማሠልጠኛ፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪ የሆነ ጎልማሳ ዲፕሎማት ስፓኒሽን ለሥራ በሚያበቃ ደረጃ ለመያዝ ከ600 እስከ 750፣ አማርኛን ለመያዝ ደግሞ 1,100 ያህል የክፍል ሰዓት እንደሚያስፈልገው ይገምታል። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ያለው መንገድ ይህን ያህል ረጅም ከሆነ፣ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ያለውም አጭር ሊሆን አይችልም። የሁለቱ ዓመታት 240 ሰዓት የዚህን አንድ አራተኛ እንኳ አይሞላም።

በወጣቶች ደሴት የነበረው ልጅ በቀን ሰባት ሰዓት ስፓኒሽ ይሰማና ይናገር ነበር ብንል፣ የይፋግ ተማሪ በአንድ ዓመት የሚያገኘውን 120 ሰዓት በ17 ቀናት ገደማ ይጨርሳል። የይፋግ ልጅ ደግሞ ከክፍል ሲወጣ ወደ እርሻው፣ ወደ ገበያውና ወደ ቤቱ የሚሄደው በአማርኛ ነው። ስለሆነም የሁለቱ ልጆች ውጤት ተነጻጽሮ አንዱ ጎበዝ፣ ሌላው ሰነፍ ሊባል አይገባም። ልዩነቱ ያለው ከመማሪያ ክፍሉ ውጪ ነው። ሰዓቱና አካባቢው ሳይታይ የሚወጣ ግብ ልጁንም መምህሩንም በማያጠፉት ጥፋት ያስወቅሳል።

የሚቆይ ግብ

ይህ ሁሉ ሲባል ከልጁ ምንም አይጠበቅ ማለት አይደለም። የሚጠበቀው ነገር በሰዓቱ ልክ የተሰፋ፣ ግልጽ፣ በሥራ የሚፈተንና ፖሊሲ ቢለወጥ እንኳ ከልጁ ጋር የሚቆይ ይሁን ማለት ነው። የ8ኛ ክፍል ተማሪ በዓመቱ መጨረሻ ያላየውን አንድ ገጽ ቀላል ጽሑፍ አንብቦ ፍሬ ነገሩን በአማርኛ መናገር ቢችል፤ ያልገባውን ነገር በእንግሊዝኛ መጠየቅ ቢችል፤ ስለ ራሱ፣ ስለ ቤተሰቡና ስለ አገሩ አንዲት ደብዳቤ መጻፍ ቢችል፤ በመድኃኒት ዕቃ ወይም በማዳበሪያ ከረጢት ላይ የተጻፈውን መመሪያ በመዝገበ ቃላት እርዳታ መፍታት ቢችል፣ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እነዚህን አራት ነገሮች መምህሩ በክፍሉ ውስጥ ሊፈትናቸው፣ ወላጅም በቤቱ ሊያያቸው ይችላል። የ8ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ከዚህ በኋላ የሚከተል እንጂ የሚቀድም ሊሆን አይገባውም።

የፓኤዝ ሕፃናት ያጠኑት ከሃይማኖቱ ጠብ ጋር አለፈ። ጋፋት ከቴዎድሮስ ጋር፣ የፈረንሳይኛው የበላይነት ከጣሊያን ወረራ በኋላ፣ የደሴቱ ስፓኒሽ ከደርግ ጋር ተዘጋ። የእንግሊዝኛም ሥልጣን አንድ ቀን ሊለወጥ ይችላል። በእነዚህ ዘመናት ሁሉ መምህሩ የቋንቋውን ምርጫ የመወሰን ሥልጣን አልነበረውም፤ ዛሬም የለውም። በየቀኑ በሚሰጠው 40 ደቂቃ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ግን የሚወስነው እርሱ ነው። የይፋግ ነጋዴ ከገበያ ሲመለስ በእጁ ያለውን ቆጥሮ እንደሚያውቅ፣ ልጁም ከዓመቱ ትምህርት ሲወጣ በእጁ ያለውን ቆጥሮ እንዲያውቅ ማድረግ በመምህሩ ሥልጣን ውስጥ የሚገኝ ሥራ ነው።